በሲባጎ የሚከናወን የጎማ አላይመንት፦ የልኬት ስሕተትና ወሰኑ

የፊት ጎማዎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከተገቢው በላይ ሲዞሩ፣ የጎማው ጥርስ በአንድ ጎን ያለጊዜው ያልቃል። ይህን ዝንባሌ በቤት ለመለካት፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ፣ በመኪናው ላይ በታሰሩ ዘንጎች መካከል ከመኪናው መካከለኛ መስመር ጋር ትይዩ የሆነ ሲባጎ በጎማው እምብርት ከፍታ ይወጠራል። ከዚያም ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ ያለው ርቀት ይነጻጸራል። ጠርዞቹ 400 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፣ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ወደ 0.14 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ጥቂት የጠመመ ቸርኬ እንኳ ውጤቱን ያዛባል። መፍትሔው ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር መኪናውን ገፍቶ ዳግም መለካትና አማካዩን መውሰድ ነው፤ ጥመቱ በሁለተኛው ልኬት በተቃራኒ ስለሚታይ ይጣፋል። ዘዴው ግን የጎማውን የላይና የታች ማዘንበል አይለካም፤ የመሪው መጋጠሚያዎች ከላሉም ልኬቱ አይታመንም።