በሰሜን ውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማና ከንቲባዎቿ

ከንቲባ ማለት ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ከተማ የሚያስተዳድር ሹም ነው። አንዱ ከንቲባ ከላይ ተሹሞ ይመጣል፤ ሌላውን ሕዝቡ ራሱ መርጦ ያስቀምጠዋል። ዛሬ የምናነበው ብርድ እጅግ በሚበረታበት በምድር ጫፍ ስላለች ትንሽ ከተማ፣ እዚያም ተመርጠው ስለ ተቀመጡ ከንቲባዎች ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወሮቹ ግን የኛው ናቸው።

ከተማዋ ኡትኪያግቪክ ትባላለች። እስከ 2016 ድረስ በመዝገብ ላይ የነበረው ስሟ ባሮው ነው። የምትገኘው በአሜሪካ አገር፣ አላስካ በምትባለው ግዛት፣ በሰሜን ጫፍ ነው። ከእርሷ ወዲያ ያለው ባሕር ብቻ ነው፤ ባሕሩም አብዛኛውን ዓመት በረዶ ሆኖ ይከርማል። ወደ ከተማዋ የሚያስገባ የመኪና መንገድ የለም። ሰው በአውሮፕላን ይመጣል፤ ከባድ ዕቃ ደግሞ በረዶው ጥቂት ጊዜ ሲከፈትለት በመርከብ ይገባል። በኅዳር መጀመሪያ ላይ ፀሐይ ትጠልቅና እስከ ጥር አጋማሽ አትወጣም። ከግንቦት እስከ ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ አትጠልቅም። እንዲህ ባለ አገር ሰው ይኖራል ወይ ትሉ ይሆናል። ይኖራል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ በከተማዋ አምስት ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተገኝቷል።

ነባሮቹ ነዋሪዎች ኢኑፒያት ይባላሉ። ማረሻ የሚገባበት መሬት የላቸውም። አፈሩ በሙቀት ጊዜ ከላይ ትንሽ ይላላል እንጂ ከሥር ዓመቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ የደረቀ በረዶ ነው። ስለዚህ እርሻቸው ባሕሩ ነው ማለት ይቻላል። ዋናው አዝመራቸውም ዓሣ ነባሪ ነው። ይህ እንስሳ ከ15 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። በጀልባ ወጥተው፣ በኅብረት ይዘው፣ በረዶው ላይ በገመድ ይጎትቱታል። ሥጋው አይሸጥም። ለአዛውንቱም፣ ለመበለቲቱም፣ ማደን ላልቻለውም ይከፋፈላል።

ይህ ሕዝብ መሬቱን ለማንም አልሸጠም፤ በጦርነትም አልተሸነፈም። ሆኖም ሩቅ ያለ መንግሥት ሕግ ያወጣለት ነበር። በ1961 የሆነውን ልንገራችሁ። በማይፈቀድበት ወር ዳክዬ ገደለ ተብሎ አንድ አዳኝ ተያዘ። ሕጉ የፈቀደው ወር ግን ዳክዬዎቹ ብርዱን ሸሽተው ከአገሩ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። ሕጉን የጻፈው ሰው አገሩን አያውቀውም ማለት ነው። ታዲያ የከተማው ሰዎች ምን አደረጉ? 138 ሰዎች እያንዳንዳቸው የገደሉትን ዳክዬ ይዘው መጡና «እኔም ገድያለሁ» ብለው ፈረሙ። ይህን ሁሉ ሰው የሚይዝ እስር ቤት ከየት ይምጣ? ክሱ ቀረ። እኔ ይህን ሳነብ ከሁሉ የወደድኩት ፊርማውን ነው።

በ1968 ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ፕሩዶ ቤይ በሚባል ቦታ፣ ብዙ ነዳጅ ዘይት ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የአላስካ መንግሥት በዚያ መሬት ነዳጅ የማውጣት መብትን ለኩባንያዎች በጨረታ ሰጠ። በአንድ ቀን ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ኢኑፒያት ከዚያ ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም አልደረሳቸውም። በ1971 የአሜሪካ መንግሥት ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ከመሬታቸው ከፍሎ የሚሰጥ፣ ለቀረውም ካሳ የሚከፍል ሕግ አወጣ። ነዳጁ ያለበት ቦታ ግን አልተመለሰላቸውም።

እዚህ ላይ ነው ኤበን ሆፕሰን የሚባሉት ሰው የሚመጡት። በ1922 እዚያው ባሮው ተወለዱ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ውስጥ በገዛ ቋንቋቸው ስለ ተናገሩ ይቀጡ ነበር። ኋላ ግን የአላስካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል እስከ መሆን ደረሱ። ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ከውስጥ አዩ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። መሬቱ ካልተመለሰልን አውራጃ እንመሥርት፤ አውራጃ የሆነ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ባለ ንብረት ላይ ግብር መጣል ይችላል አሉ። ልብ በሉ! ነዳጁን የኛ ነው አላሉም። ኩባንያው በምድራችን ላይ ለተከለው ቧንቧ፣ ለሞተሩ፣ ለሕንፃው ግብር ይክፈል ነው ያሉት።

ሰፈሮቹ ተባበሩ። በ1972 ኖርዝ ስሎፕ የሚባል አውራጃ በምርጫ ተቋቋመ። መቀመጫው ባሮው ሆነ፤ ሆፕሰንም የመጀመሪያው ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ከተማዋ ለራሷ ሌላ ከንቲባ አላት። ትልቁ ግብርና ትልቁ ሥልጣን ያለው ግን በአውራጃው ከንቲባ እጅ ነው። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ዝም አላሉም። ሰው ጥቂት፣ ክልሉ እጅግ ሰፊ ነው፤ ይህ አውራጃ ሊሆን አይገባም ብለው ከሰሱ። በ1974 የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአውራጃው ፈረደ።

ግብሩ መግባት ሲጀምር አገሩ ተለወጠ። ቀድሞ ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከወላጅ ተለይተው እጅግ ሩቅ ይላኩ ነበር። አሁን በየሰፈሩ ትምህርት ቤት ተሠራ። ክሊኒክ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ መብራት መጣ። የውኃው ነገር ብቻውን ታሪክ ነው። መሬቱ በረዶ ስለ ሆነ ቧንቧ ቢቀብሩ ውኃው ውስጡ ይደርቃል። ስለዚህ ባሮው ውስጥ ከመሬት በታች ዋሻ ቆፈሩ፤ ዋሻውን በእንጨት ሠርተው አሞቁት፤ ቧንቧውን በዚያ ውስጥ አሳለፉት። ከዚያ በፊት ሰው የበረዶ ቋጥኝ እየቆረጠ አቅልጦ ይጠጣ ነበር፤ ዓይነ ምድሩንም በባልዲ ያወጣ ነበር።

በ1977 ሌላ ነገር መጣ። የዓሣ ነባሪን አደን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን፣ እንስሳው ሊያልቅ ነው ብሎ ኢኑፒያትን ጭምር ከለከለ። ሆፕሰንና አዳኞቹ ተነሡ። አዳኞቹ የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጥቂት እንዲያድኑ ተፈቀደላቸው፤ ቢበዛ 12 እንዲያወጡ። ይህ ለሰፈሮቹ ሁሉ ምን ይበቃል? ክርክሩ በቁጥር ላይ ነበር። ሊቃውንቱ የሚቆጥሩት በረዶው ከተሰነጠቀበት ወጥቶ የታያቸውን ብቻ ነው። አዳኞቹ ደግሞ ከበረዶው ሥር የሚያልፍ አለ፤ እኛ እንሰማዋለን ይሉ ነበር። አውራጃው ከግብሩ ገንዘብ አውጥቶ የራሱን ተመራማሪዎች ቀጠረ። ውኃ ውስጥ ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ ከበረዶው ሥር ተሰቀለ። አዳኞቹ ልክ ነበሩ! እያደር ቁጥሩም ጨመረ፤ በ2011 በተደረገው ቆጠራ ወደ 17 ሺህ የሚጠጋ ተገመተ። የተፈቀደውም ከፍ አለ።

እንግዲህ የነዳጁ ግብር ለዓሣ ነባሪው ተሟገተ ማለት ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀና ሆኖ አልቀጠለም።

ሆፕሰን በ1980 በሹመት ላይ እያሉ ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ ገንዘቡ እንደ ጎርፍ የሚፈስበት ዘመን መጣ። ገንዘብ በበዛበት ሌባም ይሰበሰባል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ዩጂን ብራወር ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ ከውጭ የመጡ ሁለት አማካሪዎች የሥራ ተቋራጮችን እጅ መንሻ እያስከፈሉ ውል ያሰጡ ነበር። በ1989 ፍርድ ቤት ጥፋተኞች አላቸው። ብራወር ግን ገና በ1984 በምርጫ ተሸንፈው፣ ጆርጅ አህማኦጋክ ተተክተው ነበር። ሕዝቡ ፍርድ ቤቱን አልጠበቀም።

በ2005 ኤድዋርድ ኢታ ተመረጡ። እሳቸው ራሳቸው የዓሣ ነባሪ አዳኞች አለቃ ነበሩ። በዘመናቸው ሼል የሚባለው ኩባንያ በባሕሩ ውስጥ ሊቆፍር መጣ። የብስ ላይ ያለው ነዳጅ ግብር ይከፍላል፤ ከዳር ርቆ በባሕር ውስጥ ያለው ግን ለአውራጃው ምንም አይከፍልም። ዘይቱ ቢፈስ ደግሞ የሚጠፋው የእነርሱ አዝመራ ነው። በ2007 አውራጃውና አዳኞቹ በፍርድ ቤት ከሰው ቁፋሮውን አስቆሙ። ቀላል አልነበረም። የአውራጃው ደመወዝና ትምህርት ቤት ሁሉ በነዳጅ ግብር የሚኖር ነውና፣ ኢታ ኩባንያዎቹን ሁሉ ጠላት ማድረግ አይችሉም ነበር። ኋላም ከሼል ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ አንዳንዱም በዚህ ነቀፋቸው። ሼል በ2015 ያሰበውን ያህል ሳያገኝ ትቶ ሄደ።

በ2011 የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሻርለት ብራወር ተመረጡ። በ2016 ግን የአውራጃውን ገንዘብ ለዘመድ በሚጠቅም መንገድ አውጥተዋል ተብለው ተወቀሱ፤ ሕዝቡ ዘመናቸው ሳያልቅ ድምፅ ሰጥቶ አነሣቸው። በዚያው ዓመት መስከረም ከተማዋ ሌላ ድምፅ ሰጠች። ባሮው የሚለው የእንግሊዝ ሹም ስም ይቅርና ጥንታዊው ኡትኪያግቪክ ይመለስ የሚል ነበር። 381 ሰው ይመለስ አለ፤ 375 ሰው አይሁን አለ። ስሙ የተመለሰው በስድስት ድምፅ ነው።

በ2023 ዊሎ የሚባል አዲስ የነዳጅ ቦታ ሊከፈት ሲፈቀድ ሁለት ከንቲባዎች ተለያዩ። የአውራጃው ከንቲባ ሃሪ ብራወር፣ ግብሩ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ነው ብለው ደገፉ። ለቁፋሮው ቅርብ የሆነችው የኑዊክሱት ከንቲባ ሮዝመሪ አህቱዋንጋሩዋክ ደግሞ፣ ጭሱና የአጋዘኑ መሸሽ የሚደርሰው በእኛ ላይ ነው ብለው ተቃወሙ። ኑዊክሱት አምስት መቶ ያህል ሰው ያላት መንደር ናት። ሁለቱም ኢኑፒያት ናቸው፤ ሁለቱም የተመረጡት በሕዝባቸው ነው።