የአራስ ጥየቃችን እስከ መቼ ነው?
ለካቴኪስቶችና ለቁምስና ቤት ጠያቂዎች የተዘጋጀ ትምህርት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን በድህነት የሚያሳድጉ ወላጆችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መደገፍ ምን ማለት እንደ ሆነ መረዳትና በየቁምስናችን በተግባር ለማዋል መነሣት።

1. የቆየው ልማዳችን

ውድ ምእመናን፤ በሀገራችን ሴት በሰላም ስትገላገል እልልታ ይሰማል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ያለው ቅቤውን፣ የሌለው ጉልበቱን ይዞ አራሷን ይጠይቃል። ይህ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ክርስትናው ካለፈ በኋላ ደጁ ጭር ይላል። ድኻዪቱ እናት ልጇን አዝላ ወደ ልብስ አጠባው፣ ወደ ጉሊቱ፣ ወደ ቀን ሥራው ትመለሳለች። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው የእናቱ ጡት ብቻውን አይበቃውም፤ ተጨማሪ ምግብ ያሻዋል። ከዚያም ይድሃል፤ ድምፅ ይለያል፤ ቃል መልቀም ይጀምራል። የእናቲቱ ጭንቀት የሚበረታው በዚህ ጊዜ ነው። እኛ ግን ጥየቃችንን ቀደም ብለን ጨርሰናል።

2. መጠየቅ ምን ማለት ነው?

በቋንቋችን ሰውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት «መጠየቅ» ይባላል። ቃሉ ራሱ ያስተምረናል፤ ጠያቂ የሚመጣው ሊያዳምጥ እንጂ ሊፈርድ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እንደምናነበው፣ እመቤታችን ወደ ኤልሳቤጥ በሄደች ጊዜ ሰላምታ ሰጥታ ወዲያው አልተመለሰችም፤ ሦስት ወር ያህል አብራት ተቀመጠች። ችግረኛ እናት ቤቷን ያየ ሁሉ የሚፈርድባት ይመስላታል። «ልጁ ለምን ከሳ? ፊቱ ለምን አልታጠበም?» የሚል እንግዳ አንድ ጊዜ ከገባ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በሩን ዘግታ ትጠብቀዋለች። በሩ ከተዘጋ ደግሞ ወደ ሕፃኑ የሚያደርስ ሌላ መንገድ የለም።

3. ከጃማይካ የተገኘ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ድኻ ሰፈሮች፣ ዶክተር ሳሊ ግራንታም ማክግሬጎርና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ፣ ቁመታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናትን መርጠው ማጥናት ጀመሩ። አንዳንዶቹ በየሳምንቱ ከወተት የተዘጋጀ ምግብ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹን የማኅበረሰብ ጤና ረዳት የሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ቤታቸው እየሄዱ ጠየቁአቸው፤ ሦስተኛዎቹ ሁለቱንም አገኙ፤ አራተኛዎቹ ይህ ተጨማሪ ድጋፍ አልደረሳቸውም። ሥራው ሁለት ዓመት ቆየ።

ጠያቂዎቹ ውድ መጫወቻ አልያዙም። በቤት ከሚጣሉ ነገሮች በእጅ የተሠሩ መጫወቻዎችን ይዘው፣ እናት ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምትነጋገር ያሳዩ ነበር። ሲሄዱም መጫወቻውን ለእርሷ ትተው፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ይለውጡላት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ልጆቹ ተፈልገው ሲጠኑ፣ በቤታቸው የተጠየቁት ካልተጠየቁት ይልቅ በአማካይ 25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ እንደሚያገኙ ታወቀ፤ ይህም በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ምግብ ብቻ በተሰጣቸው ልጆች ላይ በመጀመሪያ የታየው መሻሻል ግን እየደበዘዘ ሄደ። ይህ ማለት የተራበ ሕፃን ምግብ አያሻውም ማለት አይደለም፤ እንጀራ ሰጥተን ብቻ ግዴታችንን እንደ ፈጸምን አንቁጠር ማለት ነው።

4. በሀገራችን

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመድበው ከቤት ወደ ቤት እንዲያስተምሩ አድርጓል። ሆኖም ሁለት ሰዎች ለ5,000 ያህል ሕዝብ ሲመደቡ እያንዳንዱን ቤት በየሳምንቱ ማዳረስ አይችሉም። የቁምስና ጠያቂ ለእነርሱ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

5. ጠያቂው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ሀ. ከእናቲቱ ጋር ቀን ተስማምቶ፣ ከሌላ ጠያቂ ጋር ሁለት ሆኖ ይሂድ። እመጣለሁ ካለ አይቅር፤ ቃሉን ማጠፍ ከመጀመሪያውም አለመሄድን ያህል ይጎዳል።

ለ. አስቀድሞ እናቲቱ በደኅና የምታደርገውን አንድ ነገር አይቶ ያመስግናት፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አባት በቤት ካለ እርሱንም በጨዋታው ያሳትፍ።

ሐ. ልጁን ራሱ ይዞ አያጫውት፤ እናቱ እንድታጫውተው ያግዛት። የጨርቅ ኳስና ንጹሕ ባዶ ጣሳ ይበቃሉ። ሕፃኑ ሊውጠው የሚችል ትንሽ ነገር ግን አይስጥ።

መ. እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ወፈር ያለ ገንፎ፣ ሲገኝም እንቁላልና አትክልት መስጠት፤ ጡቱን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል እንደሚገባ ያስታውስ። በቤቱ የሚበላ ከጠፋ እናቲቱን አስፈቅዶ ለቁምስናው በጎ አድራጎት ክፍል ያሳውቅ።

ሠ. ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንዲወሰድ ይርዳ።

ረ. በጓዳ ያየውን በአደባባይ አይናገር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን የአራስ ጥየቃ የሚያበቃው መቼ ነው? ለምን?

2. ችግረኛ እናት ጠያቂ ሲመጣባት እንድታፍር የሚያደርጋት የእኛ ንግግር ወይም አመለካከት የትኛው ነው?

3. የቁምስናችሁን የጥምቀት መዝገብ ከቆሞሱ ጋር ሆናችሁ ተመልከቱ። ባለፈው ዓመት ከተመዘገቡት ሕፃናት መካከል፣ ከክርስትናቸው ቀን በኋላ ቤታቸውን የረገጥነው የስንቶቹን ነው? ከቀሩት መካከል አንዱን መርጣችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ተመለሱ።