የጨርቁ ዕድሜና የሠሪው ክብር



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤተሰቦቼ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ እናቴ ከሣጥን አንድ ጋቢ አውጥታ አለበሰችኝ። ጋቢው በዕድሜ ይበልጠኛል። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ በመርፌ ከመያዙ በቀር ደኅና ነው። በዚያው ሳምንት ከከተማ ይዤው የሄድሁት አዲስ ሸሚዝ ገና ለሁለተኛ ጊዜ ሲታጠብ ብብቱ ላይ ተተረተረ። ታናሽ እኅቴ ሁለቱንም ገመድ ላይ ተሰጥተው አይታ «አዲሱ የትኛው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ይህች አጭር ጽሑፍ የመጣችው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ሀ. ጋቢው ስለ ምን ቆየ?

እናቴ ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን አውጥታ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቱን እስክትሞላ ድረስ ወራት ፈጅቶባታል። ከዚያም ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ሠራው። ነጠላ ሁለት ድርብ ሲሆን ጋቢ አራት ድርብ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለጨርቅም ይሠራል፤ ክሩ ጠበቅ ብሎ ሲቀራረብ ጨርቁ ይጠነክራል።

ለ. የዛሬው ልብስ ስለ ምን ቶሎ ያልቃል?

ዋጋው እንዲረክስ ከአንድ ቦታ መቀነስ አለበት። ክሩ ይሳሳል፤ ስፌቱ ይራራቃል፤ ከስፌቱ ውስጥ የሚተወው ጨርቅ ይጠባል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከሠራተኛው ድካም ላይ ሲቀነስ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አጠገብ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው መሰንጠቁ ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን እንዲገቡ ታዘዙ። በርካሽ የምንገዛው ልብስ ቀሪውን ዋጋ የሚከፍልለት ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል።

ሐ. የእኛስ ድርሻ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ጋቢ የሠራው ሸማኔ ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ነበረ። ልጆች በአባቱ ሥራ ሲሰድቡት እኔም አብሬ ስቄአለሁ፤ ማታ ግን አባቱ የሠራውን ጋቢ ተከናንቤ እተኛ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ብረት ሠሪውንና ሌላውንም ባለ እጅ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከብዙ ዘመን በኋላ እኔ ስድቡን ሰምቼ ሳቅሁ። ዛሬ ጓደኛዬ የአባቱን ሙያ አልያዘም፤ አባትየውም በማሽን የታተመ የሸማ አምሳያ በገበያው ቢበዛበት ሽመናውን ትቶአል። ጥሩ ልብስ ጠፋ ብለን ስናማርር ሠሪውን ቀድመን ያዋረድነው እኛ መሆናችንን አንርሳ።

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 9 የተጻፈችውን ጣቢታን እናስታውስ። በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት በእጇ የሠራችላቸውን ልብስ ነበረ። ስለ ደግነቷ ለመመስከር ልብሱን ማሳየት በቃቸው።

መ. ምን እናድርግ?

ድኻ ርካሽ ቢገዛ አይፈረድበትም፤ ብዙዎቻችንም ተማሪዎች ነን። ቢሆንም፦

1. ስንገዛ ልብሱን ገልብጠን ስፌቱን እንይ፤ ቀስ ብለን እንሳበው፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን ይዘን እንመልከተው።

2. ሒሳቡን በወር እናስላ። በ400 ብር የተገዛ ሸሚዝ አራት ወር ቢያገለግል በወር 100 ብር ነው፤ በ900 ብር የተገዛው 18 ወር ቢያገለግል ግን 50 ብር ብቻ ነው።

3. ቁልፍ መትከልና የተተረተረ መስፋት ወንዶችም ሴቶችም እንማር። እኔ ሸሚዜን ራሴ ሰፍቼዋለሁ፤ ስፌቱ ባያምርም ይዞአል።

4. ሠሪውን በስሙ እንጥራው፤ ዋጋ ስንከራከርም ድካሙን እናስብ።

ወደ ከተማ ከመመለሴ በፊት ወደ ሸማኔው ቤት ሄጄ ጋቢውን አሳየሁት። ጥለቱን በጣቱ ዳስሶ «የእኔ ነው» አለ። ስለ ልጅነቴ ሳቅ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም መርቆ ሸኘኝ።

ለውይይት፦

1. በቤታችሁ ካለው ዕቃ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው የትኛው ነው? ማን ሠራው?

2. በአካባቢያችሁ የሚናቅ የእጅ ሙያ አለን? ንቀቱን ለማስቀረት ወጣቱ ምን ማድረግ ይችላል?