የታመመ ወገብ እንዴት ይጠነክራል?

እኛ የእንጅባራ ገበሬዎች ድንች እንቆፍራለን፤ ዲከረንስ ቆርጠን ከሰል እናከስላለን፤ ጆንያውንም በጀርባችን እንሸከማለን። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወገባችንን እንታመማለን።

ወገባችንን ሲያመን ብዙ ቀን መተኛት ጥሩ ይመስለናል። ነገር ግን ብዙ ከተኛን ጡንቻችን ይደክማል። ሥራ ይቆማል ብለን ሳይሻለን ጆንያ ከተሸከምን ደግሞ ሕመሙ ያገረሽብናል። ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ በቤታችን ዙሪያ ቀስ ብለን እንራመድ። ቀጥሎ በጀርባችን ተኝተን፣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ መቀመጫችንን ቀስ አድርገን እናንሣ፤ እናውርድ። ሕመሙ ከባሰ እናቁም።

ሲሻለን በትንሹ ጀሪካን ውኃ እንያዝ፤ 5 ሊትር ውኃ 5 ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ግን 20 ኪሎ ነው፤ ለሱ አንቸኩል።

ዕቃ ስናነሣ ከወገባችን አናጎንብስ። ጉልበታችንን አጥፈን፣ ሸክሙን ወደ ሆዳችን አስጠግተን እንነሣ። ወገባችንን አንጠምዝዝ፤ በእግራችን እንዙር። ከባዱን ጆንያ ለሁለት ሆነን እናንሣ።

ከፈረስ ወድቀን ከሆነ ሐኪም ሳያየን ይህን አንጀምር። እግራችን ከደነዘዘ ወይም ሽንታችንን መቆጣጠር ካቃተን ሳንውል ሳናድር ሐኪም ቤት እንሂድ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ወገብም እንዲሁ ነው።