የተውሶ መንገድ፦ በአልፕስ ግርጌ የፒስታ ብስክሌት መስመሮች አፈር፣ ሥራና መብት

መግቢያ

በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ብስክሌተኞች የሚነዱባቸው የፒስታ መንገዶች አብዛኞቹ ለብስክሌት ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ግንድ ለማውረድ፣ ከብት ወደ ተራራ ግጦሽ ለመንዳት፣ የውሃ ግንባታዎችን ለመጠበቅ ወይም መድፍ ለመጎተት የተቆረጡ ናቸው። ብስክሌተኛው ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ሐቅ ይነሣል። የፒስታ መስመር የተውሶ መንገድ በመሆኑ ጽናቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም መንገዱ ያረፈበት አፈርና ድንጋይ፣ መንገዱን ያሠራው ሥራ፣ እንግዳውም የሚገባበት መብት ናቸው።

ጉዳዩ ትኩረት የሚሻው የተጠቃሚው ቁጥር እየበዛ በመሄዱ ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት የመጀመሪያውን የፒስታ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 በሰሜን ጣልያን፣ በቬኔቶ ክልል አካሂዷል። የ2023ቱም በዚያው ክልል ተካሂዶ ፍጻሜውን በተራሮቹ ግርጌ ባለችው ፒዬቬ ዲ ሶሊጎ አድርጓል። ከውድድሩ ውጭ ደግሞ ማንኛውም ብስክሌተኛ የነዳበትን መስመር በሳተላይት መዝግቦ ለሌሎች ማጋራት ይችላል። እንዲህ ያለው መስመር የመንገዱን ርዝመትና ከፍታ ያሳያል፤ መንገዱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠግነውና ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ ግን አይነግርም።

“ፒስታ” የሚለው ቃል ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገባ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ አስፋልት ያልለበሰ፣ ነገር ግን ጠጠር ተነጥፎበት ተሽከርካሪ ሊያስተናግድ የሚችል መንገድን ያመለክታል። ከእግር መንገድም ሆነ ከኮረኮንች የሚለየው ታስቦበት የተነጠፈ በመሆኑ ነው።

አፈሩና ድንጋዩ

በደቡብ ጀርመን፣ በባየርን ግዛት የሚገኘው የኢዛር ወንዝ ሸለቆ የመጀመሪያውን ነገር ለመመርመር ምቹ ነው። ከባድ ቶልዝ ከተማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 658 ሜትር ገደማ ላይ ተነሥቶ በሌንግሪስ በኩል ወንዙን ሽቅብ የሚከተል ተጓዥ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት መሬት ያቋርጣል። ከባድ ቶልዝ በስተሰሜን ያሉት ኮረብታዎች የጥንቱ የበረዶ ግግር ገፍቶ ያከማቸው የድንጋይና የደለል ክምር ናቸው። ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ብሎምበርግ ተራራ ላይ፣ ፍሊሽ የሚባለው የአሸዋ ድንጋይና የሸክላማ ድንጋይ ድርብርብ ይገኛል። ከሌንግሪስ በላይ፣ ብራውኔክን በመሳሰሉት ተራሮች ላይ ደግሞ የኖራ ድንጋይና ዶሎማይት ይጀምራል።

የመሬቱ ልዩነት በጎማ ሥር በግልጽ ይታወቃል። ወንዝ ያንከባለለው ድቡልቡል ጠጠር እርስ በርሱ ስለማይያያዝ በጎማ ሥር ይሸሻል። ተፈልጦ የተፈጨ ጠጠር ግን ጠርዝ ስላለው ይቆላለፋል፤ በውስጡ ያለው ልም ብናኝ እርጥበት አግኝቶ ሲዳመጥ እንደ ማያያዣ ሆኖ ያጸናዋል። ለዚህም የኖራ ድንጋይና ዶሎማይት የተመቹ ናቸው። ፍሊሽ በአንጻሩ ውሃ በቀላሉ ስለማያሳልፍ ዳገቱ ይረሰርሳል፣ ይንሸራተታል፤ በላዩ ያለፈ መንገድም ዘወትር ጥገና ይሻል። ስፋቱ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ልዩነቱን በመጠኑ ሊያቀልለው ይችል ይሆናል እንጂ አያጠፋውም።

ይሁን እንጂ ድንጋዩ ብቻውን መንገድ አይሆንም። የፒስታ መንገድ ዋነኛ ጠላት ውሃ ነው። ጀርባው ከመሐል ከፍ ብሎ ወይም ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ካልተሠራ፣ ቦዩ ካልተጠረገ፣ ማፋሰሻ ቱቦው ከተደፈነ፣ ዝናብ ልሙን ብናኝ አጥቦ ይወስድና የሚቀረው ያገጠጠ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ከአፈሩ ጥያቄ በኋላ ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ ቦዩን የሚጠርገው ማን ነው፣ ስለምንስ ይጠርገዋል የሚለው ነው።

መንገዱን ያሠራው ሥራ

ቦይ የሚጠረገው መንገዱ ሥራ እስካለው ድረስ ነው። በኢዛር ሸለቆ ሥራው አልተቋረጠም። ደኑ ዛሬም ይቆረጣል፣ ግጦሹም ይሰማራበታል። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1959 የተገነባው የሲልቨንሽታይን የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ነባሩን የፋል መንደር ከሥፍራው አስነሥቶ የተተከለ፣ ጎርፍን የሚገታና በድርቅ ጊዜ ለወንዙ ውሃ የሚለቅ ግንባታ እንደመሆኑ ዘወትር ጠባቂ ይሻል። ግንድ የጫነ ከባድ መኪና እንዲያልፍበት የተሠራ መንገድ ስፋቱም፣ ዳገቱም፣ መሠረቱም ለብስክሌት ከበቂ በላይ ነው። ብስክሌተኛው በአንድ በኩል ያማረረው የግንድ መኪና በሌላ በኩል የመንገዱ ጠባቂ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን በሰሜን ምዕራብ ጣልያን፣ በፒዬሞንቴ ክልል ይታያል። በሱሳና በኪዞኔ ሸለቆዎች መካከል ያለው ሸንተረር የጣልያን ሠራዊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የፈረንሳይን ድንበር እያሰበ የዘረጋቸው የጦር መንገዶች አሉበት። 2,472 ሜትር ከፍታ ያለውን የአሲዬታ በር የሚያቋርጠው መንገድ አንዱ ነው። ከሱሳ ተነሥቶ ወደ ፊኔስትሬ በር የሚወጣው ሌላው ሲሆን፣ በሩ 2,178 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የአቀበቱ የመጨረሻ 8 ኪሎ ሜትር ገደማም እስከ ዛሬ ፒስታ ነው። መድፉ ከተነሣ በኋላ መንገዶቹ የተሠሩለት ዓላማ አክትሟል።

የፊኔስትሬን መንገድ ያተረፈው አዲስ ሥራ ማግኘቱ ነው። ጂሮ ዲታሊያ እ.ኤ.አ. በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ካለፈበት ወዲህ ስሙ ገነነ። በ2018 ክሪስ ፍሩም በዚሁ ፒስታ ላይ ከተፎካካሪዎቹ ተነጥሎ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን በመጋለብ ውድድሩን ለማሸነፍ በቅቷል። ነገር ግን ዝና የሚደርሰው ለጥቂት መንገዶች ነው። ቴሌቪዥን የማያያቸው ሌሎች የጦር መንገዶች ጠባቂ ካላገኙ ውሃው ሥራውን ይቀጥላል።

መብቱ

ሦስተኛው ነገር በዓይን አይታይም። ከባድ ቶልዝ የተነሣው ተጓዥ ሲልቨንሽታይንን አልፎ፣ 929 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ወደ አኸን ሐይቅ ሲዘልቅ የኦስትሪያን ድንበር ተሻግሮ ቲሮል ይገባል። ጠጠሩም ተራራውም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሕጉ ነው።

እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የባየርን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 141 በተፈጥሮ ውበት መደሰትን፣ በተለይም ወደ ደንና ወደ ተራራ ግጦሽ መግባትን ለማንኛውም ሰው ፈቅዷል። የግዛቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግም መንገዱ ተስማሚ እስከሆነ ድረስ በግል ይዞታ ውስጥ በሚያልፍ መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳትን ይፈቅዳል፤ ቅድሚያውን ግን ለእግረኛ ይሰጣል። የ1975ቱ የጀርመን ፌዴራላዊ የደን ሕግ በበኩሉ በደን ውስጥ ብስክሌት የሚነዳው በመንገዶች ላይ ብቻ መሆኑን፣ የሚገባውም ሰው በራሱ ኃላፊነት እንደሚገባ ይደነግጋል። ግዛቶቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በጎረቤቱ በባደን ቩርተምበርግ በደን ውስጥ ስፋቱ ከ2 ሜትር በታች በሆነ መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት የተከለከለ ነው።

በዚያው በ1975 የወጣው የኦስትሪያ የደን ሕግ ሌላ መንገድ ይከተላል። በአንቀጽ 33 ማንኛውም ሰው ለመዝናናት በእግሩ ወደ ደን እንዲገባ ይፈቅዳል። በተሽከርካሪ መግባት ግን፣ ብስክሌትም ቢሆን፣ የባለይዞታውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በደን መንገድ ላይም ፈቃዱን የሚሰጠው መንገዱን የመጠገን ግዴታ ያለበት ወገን ነው። ያለ ፈቃድ የነዳ ሰው የሁከት ይወገድልኝ ክስ ሊቀርብበት ይችላል።

የቲሮል ክፍለ ሀገር ለዚህ ጥብቅነት የሰጠው ምላሽ በ1997 የጀመረው የተራራ ብስክሌት ሞዴል ነው። በዚህ አሠራር ከመንገዱ ባለይዞታ ጋር ውል ይፈጸማል፣ ባለይዞታው ክፍያ ያገኛል፣ መስመሩ ምልክት ይተከልለታል፣ የኃላፊነት መድንም ይገባለታል። የመድኑ አስፈላጊነት ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ይመነጫል። በአንቀጽ 1319ሀ መሠረት የመንገዱ ጠባቂ በመንገዱ ጉድለት ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቀው ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሲያጠፋ ነው። መከልከሉን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ የገባ ሰው ግን የመንገዱን ጉድለት ምክንያት አድርጎ ሊከራከር አይችልም። እንግዲህ ፈቃዱ ከበር መክፈቻነት አልፎ በአደጋ ጊዜ የተጎጂውን መብት ይወስናል።

የንጽጽሩ ትርጉም

ሦስቱን ስፍራዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ያልተጠበቀ ውጤት ይታያል። በባየርን መብቱ ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ “ተስማሚ መንገድ” የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ለክርክር ክፍት ይሆናል፤ ባለይዞታውም ከእንግዳው የሚያገኘው ነገር የለም። በቲሮል መብቱ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ጥብቅነቱ ተደራዳሪ ወገኖችን ወደ ውል ስላመጣ የተፈቀደው መስመር ምልክት፣ ክፍያና መድን አግኝቷል። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ ከውሉ ውጭ ያለው መንገድ ምንም ያህል ቢያምር ዝግ ነው፣ የተፈቀደውም ውሉ ሲያበቃ ሊዘጋ ይችላል። የፒዬሞንቴ የጦር መንገዶች ደግሞ መንገዱን የሚጠብቅ ሥራ ከሌለ መብቱ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያሉ።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ለአጥኚም ለአቃጅም አንድ ነው። ስለ ፒስታ መስመር የሚሰበሰብ መረጃ ርዝመትና ከፍታ መዝግቦ መቆም የለበትም። በእያንዳንዱ የመስመሩ ክፍል ላይ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦ ጠጠሩ ምን ላይ ተነጥፏል፣ ውሃውስ በየት ይወጣል? መንገዱ ዛሬ ማንን ያገለግላል? ብስክሌተኛው በምን መብት ይገባል፣ ጉዳት ቢደርስስ ማን ይጠየቃል? ከሦስቱ አንዱ መልስ ያጣበት መስመር በዚህ ዓመት ቢያስኬድ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ለመኖሩ ዋስትና የለውም። የተዋሰ ሰው የባለቤቱን ችግር ማወቅ ይገባዋል፤ የፒስታ መስመር ዕድሜም በዚህ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ነው።