ጨጓራ ነው ወይስ ቃር? በረመዳን ምልክቶቹን መለየት



እኛ ዘንድ ከአንገት በታች የሚያቃጥል ሕመም ሁሉ ስሙ «ጨጓራ» ነው። ልጆቻችን ሐኪም ፊት ሲያስተረጉሙልን «ሆዷን ያማታል» ይላሉ፤ ደረት የሚለው ቃል ሳይነሳ ይቀራል።

ቃር የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ ሲመጣ የሚሰማ ነው። ከደረት አጥንት ኋላ ያቃጥላል፣ አፍ ውስጥ ይኮመጥጣል፣ ጎንበስ ሲሉና ሲተኙ ይብሳል። ተራዊሕ ላይ ሱጁድ ስናደርግ እስከ ጉሮሮ የሚመጣው ኮምጣጣ ውሃ እሱ ነው። ሳያቃጥል የሚመጣም አለ፦ ሌሊት የሚቀሰቅስ ደረቅ ሳል፣ ጠዋት የሚጎረንን ድምፅ፣ ጉሮሮ ላይ የተቀረቀረ ነገር ያለ መምሰል። ጉንፋን እየመሰለን ሳምንታት እንታገሠዋለን።

በጾም ቀን ይህ ሲያጋጥም ብዙዎች ይጨነቃሉ። ያለ ፈቃድ የመጣ ትውከት ጾም እንደማያፈርስ ዑለሞች ያስተምራሉ፤ አፍ የደረሰውን ግን መትፋት እንጂ አውቆ መልሶ መዋጥ አይገባም።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳንቡሳ፣ ቅባት የበዛበት ወጥና ቡና ሲደራረቡ አሲዱን የሚያግደው ጡንቻ ይላላል። ከበሉ በኋላ 3 ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየት ይመከራል። ሱሑር በልቶ፣ ፈጅር ሰግዶ ወዲያው ለሚተኛ ሰው ይህ ስለማይሆን ሱሑሩ ቀለል ይበል፤ የአልጋው ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይደረግ። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ ብዙም አይረዳም።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል የሚወሰደው ለ14 ቀን ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚውጡ አሉ፤ ይህ ሐኪም ሳያውቅ የሚደረግ አይደለም። አብሽና ተልባም ቢያስታግሱ ምርመራን አይተኩም።

ቃሩ በሳምንት 2 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስበት ሰው ሐኪም ይይ። ምግብ ሲውጥ የሚይዘው፣ ሰገራው የሚጠቁር ወይም ያለ ምክንያት የሚከሳ ደግሞ ኢድን አይጠብቅ።

ደረትን ተጭኖ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ ሕመም ግን የልብ ሊሆን ይችላል። ጾም ላይ ብትሆኑም 911 ደውሉ፤ ራሳችሁ መኪና አትንዱ። ሆስፒታል ስትደርሱ በነጻ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ መጀመሪያ የምትናገሩትም «ደረቴን» ብላችሁ ይሁን።