የትኬት ዋጋና የተማሪ ደጋፊዎች ቁጥር በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል፦ የሚሺጋን ተሞክሮ

መግቢያ

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት፣ በተለይም በአሜሪካ ፉትቦል፣ የትኬት ሽያጭ ከዋና ዋና የገቢ ምንጮች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ስታዲየም መቀመጫ ለሁሉም በአንድ ዋጋ አይሸጥም፤ ለጋሽ ምሩቃን፣ የከተማው ነዋሪዎችና ተማሪዎች በተለያየ ዋጋና መንገድ ይገባሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተማሪ ትኬት ዋጋ ከዕለቱ ገቢ ባሻገር የነገውን ደጋፊ እንደሚነካ፣ ይህም ውጤት በጠቅላላ የተመልካች ቁጥር ተሸፍኖ ሊቀር እንደሚችል ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዋጋና የፍላጎት ግንኙነት

የስፖርት ኢኮኖሚክስ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሡት እንቆቅልሽ አለ። በብዙ ውድድሮች የትኬት ዋጋ ሲጨምር የተመልካች ቁጥር የሚቀንሰው ከዋጋው ጭማሪ ባነሰ መጠን ነው። እንዲህ ከሆነ ገቢውን ለማሳደግ የሚሻ ሻጭ ዋጋውን ከዚያም በላይ ከማናር ለምን ይቆጠባል? አንዱ ማብራሪያ ትኬት ብቻውን የሚሸጥ ነገር አለመሆኑ ነው። ወደ ስታዲየም የመጣ ሰው ለመኪና ማቆሚያ ይከፍላል፤ ምግብ፣ መጠጥና ማሊያ ይገዛል። ሁለተኛው ማብራሪያ ልማድ ነው፤ ዛሬ የገባ ተመልካች ነገም የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሦስተኛ ጉዳይ ይጨመራል። የተሻለ መቀመጫ የመግዛት መብት ብዙ ጊዜ ከልገሳ ጋር የተያያዘ ነው። እስከ 2017 ድረስ የፌዴራል የግብር ሕግ ከዚህ ዓይነቱ ልገሳ 80 በመቶው ከሚታሰበው ግብር መነሻ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅድ ነበር፤ ይህ መብት ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል። ስለሆነም በትኬቱ ላይ የታተመው ዋጋ ለጋሹ በእርግጥ ከሚከፍለው ዋጋ ይለያል። በአንጻሩ ተማሪው የሚከፍለው የታተመውን ዋጋ ነው፤ አቅሙም ውስን በመሆኑ ለዋጋ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ የጎላ ሊሆን ይችላል።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 ተመልካች ይይዛል። ከኅዳር 1975 ጀምሮ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል በሜዳው በተደረገ ጨዋታ ሁሉ ከ100,000 በላይ ተመልካች ተመዝግቧል። በ2013 ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎችን የውድድር ዘመን ትኬት ዋጋ ጨመረ፤ የተማሪዎችን መቀመጫም ቀድሞ ለመጣ እንዲሆን አደረገ። ለሰባት ጨዋታዎች የሚከፈለው ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ነበር።

ውጤቱ በግልጽ የታየው በ2014 ነው። ባለፈው ዓመት ከ19 ሺሕ በላይ የነበረው የተማሪ ትኬት ሽያጭ ወደ 12 ሺሕ ገደማ ወረደ። ሆኖም በየጨዋታው የተመዘገበው ጠቅላላ ቁጥር ከ100,000 አልወረደም። ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው ችግር መኖሩን አያውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ተማሪዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ የስፖርት ዳይሬክተሩም ሽንፈትና ሌሎች ቅሬታዎች ተደራርበው በጥቅምት መጨረሻ ሥራቸውን ለቀቁ። የ2015 የተማሪ ዋጋም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ተቀንሶ 175 ዶላር ሆነ።

ይህንን ሁሉ ለዋጋ ብቻ መስጠት ግን ስሕተት ነው። በ2014 ዋነኞቹ ተቀናቃኞች ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋን ስቴትና ኖተርዳም ሁሉም ሚሺጋንን የገጠሙት በራሳቸው ሜዳ ነበር፤ ቡድኑም ዘመኑን በ5 ድልና በ7 ሽንፈት ጨረሰ። በ2015 ዋጋው ሲቀንስ በአንድ ጊዜ አዲስ ዝነኛ አሠልጣኝ መጣ፣ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን ስቴትም ወደ ሚሺጋን ሜዳ መጡ። ስለዚህ በሁለቱ ዓመታት መካከል የሚታየው ልዩነት የዋጋን፣ የተጋጣሚን ደረጃና የቡድኑን ተስፋ ውጤት በአንድነት የያዘ ነው።

ሌሎች አማራጮች

ዋጋን ከመጨመርና ከመቀነስ ውጭ የተሞከሩ መንገዶች አሉ። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በ2013 ከራሱ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ጋር በነደፈው ሥርዓት የትኬት ዋጋ ከከፍተኛ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ቀድሞ የገዛውም ሆነ ዘግይቶ የገዛው በመጨረሻ የሚከፍለው ዝቅተኛውን ዋጋ ነው። በመሆኑም ቀድሞ የገዛ አይጸጸትም። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ በ2019 ለተማሪዎች በስልክ መተግበሪያ ነጥብ መስጠት ጀመረ፤ ጨዋታውን ለመጣ 100፣ እስከ አራተኛው ክፍለ ጨዋታ ለቆየ ተጨማሪ 250 ነጥብ። ይህ ችግሩ በዋጋ ብቻ እንደማይፈታ ያመለክታል፤ ትኬት የያዘ ሁሉ አይመጣም፣ የመጣም ሁሉ አይቆይም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ለቀጣይ ጥናት ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የተሸጠ ትኬትና በበሩ የገባ ሰው ተለይተው መቆጠር አለባቸው። ሁለተኛ፣ ስታዲየሙ ሲሞላ ከአቅሙ በላይ ያለው ፍላጎት በቁጥሩ ውስጥ ስለማይታይ፣ ዋጋም ራሱ ፍላጎትን ተከትሎ ስለሚወሰን፣ የሁለቱን ቁጥሮች ማነጻጸር ብቻ መንሥኤን አያረጋግጥም። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ራሳቸውን እንደቻለ ቡድን መጠናት ይገባቸዋል፤ ከተመረቁ በኋላም ትኬት መግዛታቸውንና መለገሳቸውን መከታተል ያስፈልጋል። ዛሬ ከተማሪ የሚሰበሰበው ተጨማሪ ዶላር የሚመዘነው፣ ያ ተማሪ በአርባ ዓመቱ ከሚከፍለው ጋር ሲነጻጸር ነው።